ከመልክ ወደ ስም፦ የባሕር ወፎችን የደም ጥገኞች በማይክሮስኮፕ የመለየት ጉዳይ

በጥቅምት 2024 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአፍሪካን ፔንግዊን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ አስገባው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ዳርቻዎች የቀሩት የሚራቡ ጥንዶች ከ10,000 አይሞሉም። ዋነኛው መከራ የሚበላው ዓሣ መመናመኑ ነው። ተርቦ፣ ቆስሎ ወይም በነዳጅ ዘይት ተለውሶ ወደ ማገገሚያ ማዕከል የገባው ወፍ ግን ሌላ አደጋም ይጠብቀዋል፤ ከዱር ይዞት የመጣው ወይም በማዕከሉ ሳለ የሚይዘው የደም ጥገኛ። በ1968 በኬፕ ታውን የተመሠረተው የባሕር ወፎች ማገገሚያ ድርጅት ሳንኮብ በሰኔ 2000 ትሬዠር የተባለችው መርከብ በሰጠመች ጊዜ ዘይት የነከራቸውን ወደ 19,000 የሚጠጉ ፔንግዊኖች መቀበል ነበረበት። በእንዲህ ያለ ቦታ የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ጊምሳ የተባለውን ቀለም አልብሶ በማይክሮስኮፕ ማየት የዘወትር ሥራ ነው። የሚታየው ነገር ስም የወፉን ዕጣ ይወስናል። ወባ ከሆነ ወፎቹን ከትንኝ መከለል ያስፈልጋል፤ ባቤዝያ ከሆነ ፍለጋው ወደ መዥገር ይዞራል፤ ሉኮሳይቶዞን ከሆነ ደግሞ በወራጅ ውኃ የሚፈላው ጥቁር ዝንብ ነው ተጠያቂው።

ታዲያ በመልክ ብቻ ተመርተን የትኛው ዝርያ እንደሆነ መናገር እንችላለን? ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ስለ ባሕር ወፎች ደም የተጻፈውን ስመለከት የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ ማይክሮስኮፑ ጥገኛው የየትኛው ወገን እንደሆነ በአስተማማኝ ሁኔታ ይነግረናል፤ ዝርያውን የሚነግረን ግን የጎለመሱ አካላት በበቂ ቁጥር ሲገኙና ቅቡ በጥሩ እጅ የተሠራ ሲሆን ብቻ ነው። ከተሰጡት የዝርያ ስሞች ጥቂት የማይባሉት ከጥገኛው መልክ ይልቅ በወፉ ማንነት ላይ ቆመዋል። ይህ ደግሞ አደገኛ አቋራጭ ነው።

በጤና ጣቢያ ወባ የተመረመረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ጊምሳ የተቀባውን መስታወት ያውቀዋል። የወፍ ምርመራም በዚያው ቀለም ይሠራል፤ የጥገኛውን አስኳል ቀይ ሐምራዊ፣ ሳይቶፕላዝሙን ሰማያዊ ያደርገዋል። ልዩነቱ ያለው በመኖሪያው ሕዋስ ላይ ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ አስኳል የለውም፤ የወፍ ቀይ ሕዋስ ግን ሞላላ ነው፤ መካከሉ ላይም ጥቁር ሐምራዊ አስኳል አለው። ይህ አስኳል ለመርማሪው ትልቅ ስጦታ ነው። ጥገኛው ገፍቶት እንደሆነ፣ ጎኑን ታኮ እንደተቀመጠ፣ ዞሮ እንደከበበው ወይም ሳይነካው እንደቀረ እያየ የሚለይበት ቋሚ ምልክት ይሆነዋል። በሰው ወባ ምርመራ እንዲህ ያለ ምልክት የለም።

የመጀመሪያው መለያ ጥገኛው ከሕዋስ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ የሚለው ነው። ከውጭ የሚዋኝ፣ ጅራፍና የሚርገበገብ ሽፋን ያለው አካል ከታየ ትራይፓኖሶማ ነው፤ ከብቶቻችንን በገንዲ የሚያጠቁት የሚመደቡበት ወገን። በ1989 በታዝማኒያ ትንንሽ ፔንግዊኖች ውስጥ ተገኝቶ ትራይፓኖሶማ ዩዲፕቱሌ የተባለው እንዲህ ያለ ነው። በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ የተኛ፣ ቀለም ቅንጣት የሌለው ሞላላ አካል ሄፓቶዞን መሆኑ አይቀርም። በ1980 በደቡብ ጆርጂያ አልባትሮሶች የተገለጸው ሄፓቶዞን አልባትሮሲ በዚህ መልኩ ታወቀ። የባሕር ወፍ ሄፓቶዞን በዘረመሉ የተመረመረው ግን ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 ሄፓቶዞን ፔርሴይ ከማዕበል ወፎች ሲገለጽ ነው።

በቀይ ሕዋስ ውስጥ ላሉት ትልቁ መለያ የቀለም ቅንጣት ነው። ጥገኛው ሄሞግሎቢንን ሲመገብ የሚተርፈው ብረት ያዘለ ሄም ለራሱ መርዝ ስለሚሆንበት ሄሞዞይን ወደሚባል ቡናማ ቅንጣት ይለውጠዋል። የወባው ጥገኛ ፕላዝሞዲየምና ሄሞፕሮቲየስ ቅንጣቱ አላቸው፤ ሉኮሳይቶዞንና ባቤዝያ የላቸውም። ቅንጣቱ በተራ ብርሃን አጠራጣሪ ሲሆን በፖላራይዝድ ብርሃን ይደምቃል፤ ይህ ቀላል ዘዴ ከሚገባው በታች ጥቅም ላይ መዋሉ ያሳዝነኛል። ቅንጣት ያላቸውን ሁለቱን የሚለየው ደግሞ የመራባት ደረጃቸው ነው። ፕላዝሞዲየም በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ሜሮንት ሆኖ ይከፋፈላል። ሄሞፕሮቲየስ የሚከፋፈለው በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ሆኖ ወደ ደሙ የሚልከው ጋሜቶሳይቶችን፣ ማለትም ወንዴና ሴቴ የሆኑትን የመጨረሻ አካላት ብቻ ነው። በሴቴው ሳይቶፕላዝሙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አስኳሉ የተሰበሰበ ነው፤ ወንዴው ፈዘዝ ይላል፣ አስኳሉም የተበተነ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። አንድ ወፍ ለረጅም ጊዜ የቆየ ፕላዝሞዲየም ሲኖርበት ግን በደሙ ውስጥ የሚታዩት ጥቂት ረዘም ያሉ ጋሜቶሳይቶች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ሜሮንት ስላላየ ብቻ ሄሞፕሮቲየስ ብሎ የሚጽፍ መርማሪ የወገኑንም ስም ይስታል። አንዲት ሜሮንት ፍርዱን ሁሉ ስለምትለውጥ በዝቅተኛው ማጉያ ሰፊ ቦታ ማሰስ፣ ከዚያም በዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 እይታዎችን በትዕግሥት ማየት ግዴታ ነው።

በፕላዝሞዲየም ውስጥ የዝርያ መለያው የምልክቶች ጥምረት ነው። ሄሞአሜባ በተባለው ንዑስ ወገን ሜሮንቶቹ ትልልቅ፣ ጋሜቶሳይቶቹም ድቡልቡል ሆነው የሕዋሱን አስኳል ወደ ዳር ይገፉታል፤ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ፕላዝሞዲየም ሬሊክተም የዚህ ወገን ነው። ፕላዝሞዲየም ካቴሜሪየምም ያው መልክ አለው፤ ግን በጋሜቶሳይቱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እንደ በትር የረዘሙ ናቸው። ፕላዝሞዲየም ኤሎንጋተም ያልበሰሉ ቀይ ሕዋሳትን ይመርጣል፤ ጋሜቶሳይቱም ረዥም ነው። ፕላዝሞዲየም ጁክስታኑክሌሬ ትንንሽ ሜሮንቶቹን የሕዋሱ አስኳል ላይ ያጣብቃል። እነዚህ ሁሉ ከፔንግዊኖች ተገኝተዋል፤ በደቡብ ብራዚል ማገገሚያ ውስጥ በማጄላን ፔንግዊኖች ላይ የደረሰ የወባ ወረርሽኝ፣ በ2014 እንደተዘገበው፣ ከአንድ በላይ የፕላዝሞዲየም ዝርያዎች የተቀላቀሉበት ነበር። ቅልቅል ኢንፌክሽን መልክን ለሚያነብ ሰው ከባዱ ፈተና ነው፤ የአንዱ ሜሮንት ከሌላው ጋሜቶሳይት ጋር ተጣምሮ በዓለም ላይ የሌለ ዝርያ ሊፈጠር ይችላል።

ከዚያም የሚያስፈራ ነገር አለ። ፔንግዊን በወባ ሲሞት ጥገኛው በሳንባ፣ በጉበትና በጣፊያ ውስጥ ሲራባ ይቆይና የደሙ ቅብ ባዶ ወይም ባዶ ሊባል የሚችል ሆኖ ይገኛል። ደሙ ንጹሕ ነው የተባለለት ወፍ በማግስቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በፔንግዊን ጉዳይ የደም ቅብ አንድ መረጃ ነው እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ ሊሆን አይገባውም፤ የሞተው ወፍ ቲሹም መመርመር አለበት።

መልክ የሚያኮራ ሥራ የሠራበትን ቦታ ለማየት ወደ ጋላፓጎስ መሄድ ይሻላል። በ1996 በሃዋይ ታላላቅ ፍሪጌት ወፎች ሄሞፕሮቲየስ ኢዋ ተገለጸ፤ ፍሪጌቶች ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ ደም መጣጭ ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው። ከዚያ በፊት በእነዚህ ዝንቦች የሚተላለፈው የሄሞፕሮቲየስ ንዑስ ወገን የእርግቦችና የዋኖሶች ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ2011 የጋላፓጎስ ፍሪጌቶች ጥገኛ በመልኩም በዘረመሉም ተመርምሮ እዚያው ንዑስ ወገን ውስጥ ሲገባ እምነቱ ፈረሰ። ወፉን አይቶ ጥገኛውን መገመት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ደሴቶች ጅራቱ እንደ መንታ የተከፈለው የሌሊት ጋል ላይ ሄሞፕሮቲየስ ጄኒዬ ተገለጸ፤ የዚህ ገለጻ አሠራር ለማንም አርአያ የሚሆን ነው። ከጋሎች ቀድሞ የታወቀ ሄሞፕሮቲየስ ላሬ የተባለ ዝርያ ነበር፤ የሁለቱም የጎለመሱ ጋሜቶሳይቶች የሕዋሱን አስኳል ዙሪያውን ከበው ሳይቶፕላዝሙን ሁሉ ይሞላሉ። ወፎቹም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ወፍን ተከትሎ ስም የሚሰጥ ሰው ላሬ ብሎ ያልፍ ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን ዕድገቱን ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡ። የጄኒዬ ወጣት ጋሜቶሳይቶች ጠርዛቸው እንደ አሜባ የተዘበራረቀ ነው፤ የሴቴው አስኳል የተበተነ ሲሆን በውስጡ ኑክሊዮለስ አይታይም፤ የቀለም ቅንጣቶቹ በመጠንም በቅርጽም ይመሳሰላሉ፣ በትር መሰሎቹም የሉባቸውም። በዚያ ላይ የሳይቶክሮም ቢ ዘረመል ቅንጥብ ተጨመረበት። አራት ትንንሽ ምልክቶች አንድ ላይ ሲቆሙ አንዱ ብቻውን የማይሸከመውን ስም ይሸከማሉ። ደግሞም ከአራቱ አንዱ ወጣቶቹ አካላት ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ስለዚህ ትልልቁን ብቻ ለክቶ ሠንጠረዥ የሚሞላ ሰው ይህን ዝርያ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ባቤዝያ እንመለስ፤ ዝርያን በመልክ የመለየቱን ጥያቄ በጣም የሚያከብደው እሱ ነው። ባቤዝያ ትንሽ ነው፤ ከቀይ ሕዋሱ ስፋት ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ቅንጣት የለውም። ሲራባ ሁለት ይሆናል ወይም አራት፤ አራቱ እንደ መስቀል ወይም እንደ ማራገቢያ ተደርድረው ሲታዩ መርማሪው በእፎይታ ይተነፍሳል። ግን ማራገቢያ መሰል አደራደር የባቤዝያ ብቻ አይደለም፤ ኖቪዬላ ከተባለው የፕላዝሞዲየም ንዑስ ወገን ትንንሽ ሜሮንቶችም ያው ቅርጽ አላቸው። የሚለያቸው እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት ወይም ሁለት የቀለም ቅንጣት ናት፤ ቅቡ ከቆሸሸ ደግሞ እሷም አትታመንም። ወጣቶቹ ቀለበት መሰል አካላት ከወባ ወጣቶች ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሕዋስ አስኳል ፍርፋሪና የቀለም ዝቃጭ ደግሞ ሁለቱንም ይመስላሉ። የመፍትሔው መንገድ አንድ ነው፤ ወጣቶቹን ትቶ የበሰሉትንና የሚከፋፈሉትን መፈለግ።

የባሕር ወፎች ባቤዝያ ስሞች ዝርዝር አጭር ነው፤ ሆኖም ብዙ ይናገራል። ባቤዝያ ፔርሴይ በ1993 ከአፍሪካ ፔንግዊን፣ ባቤዝያ ፖኤሌያ በ1997 በጆንስተን አቶል ከቡናማው ቡቢ፣ ባቤዝያ ቤኔቲ በ1998 በስፔን ቤኒዶርም ደሴት ከቢጫ እግር ጋል፣ ባቤዝያ ዩሪዬ በ2009 በካሊፎርኒያ ከሙር ወፎች፣ ባቤዝያ ኡግዊዲየንሲስ በ2012 ከደቡብ አፍሪካ ኮርሞራንቶች። እያንዳንዱ ወፍ የራሱ ባቤዝያ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ኮርሞራንቱና ፔንግዊኑ በደቡብ አፍሪካ ደሴቶች ላይ ጎን ለጎን ጎጆ ይሠራሉ፤ በጎጆዎቹ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ የሚያድረው ለስላሳ መዥገር የወፍ ዓይነት መርጦ አይነክስም። የመጠን ልዩነትና የአራትዮሽ ቅርጾች ድርሻ ብቻቸውን ሁለት ዝርያ ለመፍጠር የሚበቁ ምልክቶች ናቸው ብዬ አላምንም፤ በአንድ ወፍ ውስጥ እንኳ ኢንፌክሽኑ ሲጀምርና ሲያረጅ ይለያያሉና። በ2009ኙ ገለጻ የዘረመል ንጽጽር አብሮ መቅረቡ ተገቢ ነው። የቀደሙት ስሞች ሐሰት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ መልክ ብቻውን አያጸናቸውም ማለቴ ነው።

ሉኮሳይቶዞን በሌላ በኩል ፈጽሞ ሳይሳት ይታወቃል። የገባበትን ሕዋስ ያሳብጠዋል፤ አስኳሉን ጠፍጥፎ ወደ ዳር ያስጠጋዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕዋሱ ግራና ቀኝ ሾጣጣ ሆኖ ሊታወቅ እስከማይችል ይለወጣል። ሉኮሳይቶዞን ታዋኪ በ1976 በኒውዚላንድ ፊዮርድላንድ ፔንግዊን ተገለጸ። በ1992 ያው ስም በደቡብ አፍሪካ ፔንግዊን ውስጥ ለታየው ጥገኛ ተሰጠ። በመካከላቸው ደቡባዊው ውቅያኖስ አለ፤ የሚያስተላልፉት ጥቁር ዝንቦችም የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ፔንግዊኖች መሆናቸው ለአንድ ስም ያለው ክብደት ምን ያህል ነው? ለእኔ ትንሽ ነው። በኒውዚላንድ ንዑስ አንታርክቲክ ደሴቶች በባለ ቢጫ ዓይኑ ፔንግዊን ላይ የሉኮሳይቶዞን ኢንፌክሽን በስፋት መገኘቱ በ2013 ሲዘገብ ጸሐፊዎቹ ታዋኪ ብለው አልቸኮሉም፤ ወገኑን ብቻ ጻፉ። ያ ጥንቃቄ ከብዙ አዲስ ስም ይበልጥብኛል።

ስለ መልክ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለ ቅብ ጥራት የሚደረግ ክርክር ሆኖ ይገኛል። ጋሜቶሳይቶች ደሙ ከወፉ ወጥቶ ሲቀዘቅዝና ጋዙ ሲለወጥ ትንኝ ሆድ የገቡ ይመስላቸዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይድበለበላሉ፣ ከሕዋሱ ይወጣሉ፣ ወንዴዎቹ ጅራፍ ያበቅላሉ። በ1897 ተመራማሪው ማካለም የጥገኛውን ተዋልዶ ምሥጢር በቁራ ደም ውስጥ ያየው ይህን በመከታተል ነው። ለመርማሪው ግን ጥፋት ነው፤ የተድበለበለ ሄሞፕሮቲየስ ሌላ ዝርያ ይመስላል። የባሕር ዳር እርጥበት ቅቡን አዘግይቶ ያደርቀውና ሕዋሳቱን ያፈነዳል። የጊምሳው አሲድነት (ፒኤች) ከ7.2 አካባቢ ሲያፈነግጥ ሰማያዊው ወይም ቀዩ ያይልና የሴቴና የወንዴ ልዩነት ይጠፋል። ደም እንዳይረጋ በኬሚካል ተይዞ ለሰዓታት የቆየ ናሙና ለዘረመል ይበቃል፤ ለመልክ ግን አይመከርም። ቅቡ ወፉ አጠገብ፣ በዚያው ደቂቃ ተሠርቶ፣ በፍጥነት ደርቆ፣ በሜታኖል መጠመድ አለበት። ማዕበል በሚመታው ቋጥኝ ላይ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ግን ከዚህ ያነሰ ሥራ በኋላ በምንም ሊጠገን አይችልም።

ሌላው ትልቅ ጥያቄ ባዶነት ነው። በ2011 በባሕር ወፎች የደም ጥገኛ ላይ የወጣው ሰፊ ቅኝት ከተመረመሩት የወፍ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥገኛ እንዳልተገኘ አሳየ። ንፋሱና ጨዋማው ዳርቻ ለትንኝና ለዝንብ አይመችም፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ወፎች ጠንካራ መከላከያ ይኖራቸዋል፤ ወይም የታየው ናሙና ጥቂት ነው። ሦስቱም ምክንያቶች እውነት ይኖራቸዋል። አራተኛውን ግን ጋላፓጎስ አመጣው፦ በ2009 እንደተዘገበው፣ ከተመረመሩት የጋላፓጎስ ፔንግዊኖች ወደ 5 በመቶ በሚሆኑት የፕላዝሞዲየም ዘረመል ተገኘ፤ በቅቦቹ ላይ ግን ጥገኛው አልታየም። የዘረመል ምልክት ብቻውን ጥገኛው በዚያ ወፍ ውስጥ ኡደቱን እንደጨረሰ አያረጋግጥም። ትንኝ የረጨችው፣ ወፉ ውስጥ ሳይበስል የሚሞት ጥገኛም ዘረመሉ ይያዛል። በሌላ አነጋገር የሚያስተላልፍ ወፍ መሆኑን የሚያረጋግጠው በቅብ ላይ የታየ ጋሜቶሳይት ነው፤ ያ ጋሜቶሳይት ደግሞ እዚያ አልታየም። ይህ ለአንድ ጠባብ ደሴት ወፍ ጥበቃ ወሳኝ ልዩነት ነው።

ለዚህ ነው ማይክሮስኮፑን ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ አድርገው በሚያዩት የማልስማማው። ወባንና ሄሞፕሮቲየስን ለመያዝ የሚሠራበት የሳይቶክሮም ቢ ምርመራ ለባቤዝያና ለሄፓቶዞን አልተሠራም፤ የማይፈልገውን አያገኝም። ዓይን ግን ያልጠበቀውንም ያያል። በ2012 እንደተዘገበው፣ የአፍሪካ ፔንግዊን ደም በቅብ ሲመረመር ጠምዛዛ ባክቴሪያም ታየ፤ በኋላ የቦሬሊያ ወገን ሆኖ ተገኘ። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የሚያመጣው ባክቴሪያም የዚሁ ወገን ነው፤ የፔንግዊኑ ግን በመዥገር የሚመጣ ነው። ወባ ብቻ የሚፈልግ የዘረመል ምርመራ ያንን ፈጽሞ አያሳይም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ደንብ የሚከብድ አይደለም። በቅብ ላይ ሜሮንትም ጋሜቶሳይትም በበቂ ካልታዩ “ፕላዝሞዲየም፣ ዝርያው ያልተለየ” ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። አዲስ ዝርያ የሚገልጽ ሰው ወጣቱንም የጎለመሰውንም አካል በፎቶ ያሳይ፣ ዘረመሉን አያይዞ ያስቀምጥ፣ ከወፉ ስም ተነስቶ አይፍረድ። መስታወቱም ይቀመጥ። የአእዋፍ ደም ጥገኞች ዓለም አቀፍ ማጣቀሻ ማዕከል በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ለዓመታት የሰበሰባቸው ቅቦች በ1990ዎቹ ወደ ብሪስቤን ኩዊንስላንድ ሙዚየም ተዛውረው ዛሬም ይታያሉ። በደቡብ አፍሪካ ፔንግዊን ሉኮሳይቶዞን ላይ የተሰጠውን ስም የሚጠራጠር መርማሪ የሚያነጻጽረው እንዲህ ካለው የተጠበቀ መስታወት ጋር ነው፤ ቅቡ የተጣለበት ስም ግን ሊመረመርም ሊታረምም አይችልም።